ደምሴና የአቦው ዝግባ

ደምሴን የማያውቅ የደብረ ታቦር ሰው ካለ፣ ግቢው ውስጥ አንድም ዛፍ የሌለው መሆን አለበት። ቤት ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ፣ የመብራት ሽቦ የነካ ጥድ፣ የጎረቤት አጥር የገፋ ወይራ ሲኖር የሚጠራው እሱ ነው። በአንድ ትከሻው መጥረቢያ፣ በሌላው የበሬ ቆዳ ጠፍር ጣል አድርጎ ይመጣል። ዛፉን ቀና ብሎ ያይና መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ «አቦ ይርዱኝ» ይላል፤ ከዚያ መውጣት ነው። ጠፍሩ ለእግሩ መርገጫ ነው እንጂ ወገቡን የሚይዘው ነገር አልነበረም። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ እሱ ዛፍ ላይ ሳለ ቀና ብዬ ማየት ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ኩራተኛ ነው። ይህን ፊት ለፊት ስነግረው ኖሬያለሁና ብጽፈውም አይቀየመኝም። ከሁለት ዓመት በፊት ከተማው በመንገድ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ ዛፍ የሚነካ ሰው ሁሉ የዛፍ ክብካቤ ስልጠና ወስዶ ምስክር ወረቀት ይያዝ ሲል፣ ደምሴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ነደደ።

«መጥረቢያ ይዤ ያደግሁ ሰውዬ ዛፍ መቁረጥ ልማር? ነገ ደግሞ መጉረስ ተማር ሊሉኝ ነው!»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ?» አለችው ሚስቱ ዓለሚቱ።

«እኔ እኮ ጠምጥሜ ጨርሻለሁ!»

በማግስቱ ግን ሄደ። ወረቀት ከሌለ ሥራ የለማ።

አሰልጣኟ ፍቅርተ ትባላለች። በደን ትምህርት የተመረቀች፣ የደምሴን የመጀመሪያ ልጅ የምታክል ወጣት ናት። ደምሴ ገና ሲያያት «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ አጠገቡ ላለው ሰው አንሾካሾከ። ሰማችው መሰለኝ፣ መጀመሪያ የጠራችው እሱን ነው። ከአንድ ያረጀ ጥድ ላይ ቅርንጫፍ እንዲያነሳ ነገረችው። ደምሴ እንደ ልማዱ ከላይ ወደ ታች ጠረበው። ቅርንጫፉ ገና ተቆርጦ ሳያልቅ በገዛ ክብደቱ ተገነጠለና የግንዱን ልጥ ላጥ አድርጎ ይዞት ወረደ። ለደምሴ ይህ ምንም አዲስ ነገር የለውም፤ ቁስሉ ላይ እበት ይመርግበታል፣ አለቀ።

ፍቅርተ መጋዟን አንስታ ሌላውን ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከሥር በኩል ጥቂት ገዘገዘችው። ከዚያ ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ትንሽ ራቅ አድርጋ ከላይ ቆረጠችው። በመጨረሻ የቀረውን ጉማጅ፣ ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበትን እብጠት ሳትነካ አነሳችው። ልጡ እንዳለ ቀረ።

«ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው ከዚህ እብጠት ተነስቶ ነው» አለች። «እበት ስንመርግበት ደግሞ እርጥበት ይዞ ያበሰብሰዋል እንጂ አያድነውም።»

ደምሴ ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ዓለሚቱ «ምን ተማርክ?» አለችው። «መቁረጥ» አላት፤ ከዚያ ወዲህ ስትስቅበት ኖራለች።

የገመዱ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። ቀበቶ ታጥቆ፣ ሄልሜት አድርጎ፣ ሁለት ቦታ ታስሮ መውጣት ውርደት መሰለው። «እኔን የሚጠብቁኝ አቦ ናቸው» ቢላት፣ ፍቅርተ «አቦንም ይጥሩ ጋሼ ደምሴ፣ ገመዱንም ይሰሩ» አለችው። ታስሮ ወጣ፣ ታስሮ ወረደ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ከአቦ ሥዕል አጠገብ ሰቀለው። ሰፈሩ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ተሳለቀበት። ወረቀቱ በየዓመቱ የካቲት ላይ በማደሻ ስልጠና ካልታደሰ እንደማይሠራ ሲሰማ ግን «ትምህርት እንደ ጉንፋን በየዓመቱ ይይዛል እንዴ?» ብሎ ብቻ አለፈው። እኔ የማውቀው ደምሴ አንድ ቀን ሙሉ ይጮህ ነበር።

አሁን ወደ ዝግባው ልምጣ።

ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ያለችው የሰፈራችን አቦ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አንድ ትልቅ ዝግባ አለ። ሰንበቴያችን ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላውን የሚቀምሰው ከሥሩ ነው። የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢያችን፣ አያ ዘውዱ ናቸው። ሚስታቸው እማማ ጥሩወርቅ ያረፉ ጊዜ አያ ዘውዱ በተዝካራቸው ዕለት አንድ ነገር ተሳሉ፤ ከጉና ተራራ ግርጌ ድንጋይ በአህያ አስመጥተው የዝግባውን ግንድ ዙሪያውን በመደብ ከበቡት። መደቡን በአፈር ሞልተው ደለደሉ፤ ከፊት ያለው ድንጋይ ላይ የሚስታቸውን ስምና የክርስትና ስም አስቀረጹ። ሁላችንም መረቅናቸው። ዛፉንም ማክበር፣ ሟችንም ማስታወስ፣ መቀመጫም ማግኘት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይደረጋል?

ከዚያ ወዲህ ዝግባው ከጫፉ መድረቅ ጀመረ። አንዱ ድርቅ ነው አለ፣ ሌላው እርጅና፣ አንዳንዱም የኛን ኃጢአት ቆጠረ። ካቻምና ሐምሌ ላይ ከጉና የመጣ ነፋስ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጣለው፤ የጠላውን ጋን ፈረካከሰው። ከጋኑ አንድ ክንድ ርቀው የተቀመጡ ሴቶች ነበሩ። ከዚህ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ፈቃዱንም ከበላይ አምጥቶ፣ ዝግባው ከፋሲካ በኋላ እንዲወድቅ ወሰነ። የሚጥለው ማን ይሆናል? ደምሴ ነዋ። እሱም እሺ አለ።

የካቲት ላይ የማደሻው ስልጠና መጣ። የዚያ ዓመት ትምህርት ስለ ሥር ነበር። ፍቅርተ ሰልጣኞቹን ከዛፍ ወደ ዛፍ እያዞረች ግንዱ መሬት የሚነካበትን ቦታ በእጃቸው አስዳሰሰቻቸው። ጤነኛ ዛፍ እግር አለው፤ መሬት ሲደርስ ሰፋ ብሎ ይዘረጋል። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ከገባ ግን እግሩ ተቀብሯል ማለት ነው። ሥር ይተነፍሳል፤ አፈር ሲከመርበት ይታፈናል፣ መድረቁም ከጫፍ ይጀምራል።

ደምሴ ከስልጠናው በቀጥታ ወደ አቦ ሄደ። መደቡ ላይ ወጥቶ ተንበርክኮ ግንዱን ዳሰሰ። ቀጥ ያለ ምሰሶ ነበር። ይህን በኋላ የነገረኝ እሱው ነው። ዝግባው ሊድን ይችላል፤ የሚድነው ግን የእማማ ጥሩወርቅ መደብ ፈርሶ ነው። ይህን ለአያ ዘውዱ ማን ይንገራቸው?

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በጉባኤ ፊት ድንገት አይጣልም፤ አስቀድሞ ባለቤቱ ቤት ይኬዳል። ደምሴም ሄደ። ስለ ገብሱ ተነሣ፣ ስለ ላማቸው ተነሣ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ተነሣ። ዝግባውን ግን ሳያነሳ ተመርቆ ተመለሰ። እንደገና ሄደ፤ እንደገና በገብስ አለቀ። ዛፍ ጫፍ ላይ የማይፈራ ሰው አንድ ሽማግሌ ፊት ምላሱ ሲታሰር ማየት ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን አሳዘነኝ።

የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሰንበቴው ተቀምጦ ሳለ የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ካሳሁን «ደምሴ፣ መቼ ትጀምራለህ?» አሉት። ደምሴ ጋቢውን አደግድጎ ተነሣ።

«ይቅር በሉኝ፣ ዝግባውን አልቆርጠውም። አንድ ክረምት ስጡኝ። የደረቀውን በገመድ ወጥቼ አነሳለሁ። ከዚያ እግሩን ከአፈር እናውጣው።»

«እግሩን?»

«ግንዱ ላይ አፈር ተከምሮበት ትንፋሽ አጥቷል፣ መምሬ።»

ሰው ሁሉ መደቡን አየ፤ ከመደቡም ወደ አያ ዘውዱ ዞረ። «ወረቀት ይዞ ሰነፈ!» አለ አንዱ። ሌላው «የሙት መታሰቢያ ይፈርሳል? ነውር ነው!» ብሎ ጮኸ። መምሬ ካሳሁን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙና ጠየቁት።

«እሺ ልጄ። በዚህ መሀል ቅርንጫፍ ወድቆ ሰው ቢጎዳ ማን ይጠየቃል?»

«እኔ።»

«በራስ ነገር ራስ ዋስ አይሆንም። ዋስ ጥራ።»

በአገራችን ዋስነት ቀልድ አይደለም። ለታሰረ ሰው፣ ለተጣላ ሰው ዋስ ይሆናሉ፤ ያ ሰው ቢያጠፋ ዋሱ በሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ ይጠየቃል። ለዛፍ ዋስ ሲጠራ ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም። ደምሴ ዙሪያውን አየ። ሁሉም ጣሳው ውስጥ አቀረቀረ። ዋስ ካልተገኘ ዝግባው በዚያው ሳምንት ሊወድቅ ነው። እውነት ለመናገር ያን ሰዓት አለቀለት ብያለሁ።

«ደምሴ» አሉ አያ ዘውዱ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «ይኸ የኔ ድንጋይ ነው ዛፉን ያደረቀው የምትለኝ?»

«ድንጋዩ አይደለም አያ። ያቀፈው አፈር ነው።»

«ያው አይደል? አፈሩንም ያስሞላሁት እኔ። እንግዲያስ የገደልሁት እኔ ነኛ።»

«አልሞተም እኮ! ደግሞ አንቱ ያከበሩት መስሎዎት ነው። እኔስ ስንት ዘመን የዛፍ ቁስል ላይ እበት ስመርግ የኖርሁ? መድኃኒት መስሎኝ ነበር። ቢያስተምሩኝ ተውሁ።»

አያ ዘውዱ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«መምሬ፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

እኔ እንባዬ መጣ፤ ለምን እደብቃለሁ? ደምሴ ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ።

በሚቀጥለው ቀን ድጅኖና አካፋ ይዘን ወጣን። ደምሴ አስቀድሞ ታስሮ ወጥቶ የደረቀውን በገመድ እያሰረ ቀስ አድርጎ አወረደው። መደቡን ማፍረስ ሲጀመር ስም የተቀረጸበትን ድንጋይ ማንም መንካት አልደፈረም፤ አያ ዘውዱ ራሳቸው ነቀነቁት፤ አራት ሆነን ተሸክመን የእማማ ጥሩወርቅ መቃብር ራስጌ አኖርነው። ግንዱ አጠገብ ስንደርስ ደምሴ አካፋውን ከልክሎ በእጁ ቧጠጠ። በአንድ ወገን ልጡ ረጥቦ በስብሷል። በሌላው ወገን ግን ጠንካራ ነው፤ እግሩም ሰፋ ብሎ ብቅ አለ። ደምሴ «ይኸው! ይኸው!» እያለ እንደ ልጅ ጮኸ።

አያ ዘውዱ ባዶው መሬት ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ተከፍተው እንዳይሆን ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «አይዞዎት አያ» አልኳቸው።

«ምን እሆናለሁ?» አሉኝ። «ጥሩዬ የምትወደው ጥላውን ነበር። ድንጋይ ላይ መቀመጥማ ወገቧን ያማት ነበር።»

ክረምቱ አለፈ፤ ማንንም የመታ ቅርንጫፍ የለም። መስከረም ላይ ከታች ባሉት ቅርንጫፎች አዲስ ቅጠል ወጣ። ይድናል ብሎ የሚምል የለም፤ ፍቅርተ ራሷ መጥታ አይታ «ጥቂት ዓመት ይጠበቃል» ነው ያለችው። ሰንበቴው ግን አሁንም ከሥሩ ነው የሚቀመጥ፤ ከግንዱ ራቅ ብሎ፣ ሣር ላይ። አያ ዘውዱ ከቅዳሴ በፊት እየዞሩ ቅርንጫፎቹን አንጋጠው ሳያዩ አይቀመጡም።

ዘንድሮ የካቲት ደምሴ ለማደሻው ስልጠና ሲሄድ ብቻውን አልነበረም። ዋስ የሆኑለትን ነገር ሳያውቁ መቆም አይገባም ብለው አያ ዘውዱ ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉት፤ ከወጣቶቹ ፊት፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፍቅርተ እንደ ደንቡ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ስሙንና ሥራውን እንዲናገር ጠየቀች። ተራው ሲደርሳቸው አያ ዘውዱ ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ዘውዱ እባላለሁ» አሉ። «የዝግባ ዋስ ነኝ።»