ሰርቨሩ የማያነበው ፋይል

አሁን አሁን ስለ ሰርቨር ማውራት ይታክተኛል። ሴቲንግ፣ ማለትም የሰርቨሩን አሠራር የሚወስነው መመሪያ፣ የት ይቀመጥ ብለው አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሲከራከሩ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

አዲሱ ገበያ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት የኢሜል ሰርቨሩን የምንጠብቀው እኔና ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው አንድ ባልደረባዬ ነበርን። ጋሼ ነበር የምላቸው። ሴቲንጉን ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ባለ አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በላይ ቀኑንና ምክንያቱን ሳያሰፍሩ አያልፉም።

የሠራተኛው ስምም ደብዳቤውም ዳታቤዝ በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ስለነበር፣ እኔ ሴቲንጉንም ወደዚያው አዛወርኩት። ሁሉም አንድ ቦታ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው። ፋይሉ ግን መጥፋት አይችልም፤ ሰርቨሩ ዳታቤዙን የሚከፍትበት የይለፍ ቃል እዚያ ነው ያለው። ከዚያች ቃል በቀር የተጻፈውን ሰርቨሩ ዞሮም አያየውም።

ይህን ለጋሼ መንገር ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ሥራዎን ወሰድኩብዎ የማለት ያህል ከበደኝ። እሳቸው ፋይሉ ላይ ይጽፋሉ፣ እኔ ዞር ሲሉ ጠብቄ ያንኑ ወደ ዳታቤዙ እገለብጣለሁ። ስምንት ወር እንዲህ ከረምን። አድካሚ ነበር፤ እኔ ግን ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቀጨኔ ያለች አክስቴ አርፋ ሦስት ቀን ከሥራ ቀረሁ። በዚያው ሰሞን ለሥራ አመልካቾች አዲስ አድራሻ እንዲከፈት ታዘዘ። ጋሼ ፋይሉ ላይ ጻፉት፣ ሰርቨሩን ሪስታርት አደረጉት፣ የአመልካቾቹ ኢሜል ግን ሁሉም አልደርስ ብሎ ወደ ላኪዎቹ ተመለሰ። ደጋግመው ሞከሩ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ፊት ተቆጣቸው። ስመለስ ዳታቤዙ ላይ አንድ መስመር ጨምሬ በሁለት ደቂቃ አስተካከልኩት። ችግሩ ምን እንደነበር ሲጠይቁኝ፣ እኔም አላወቅኩም፣ እንዲሁ ተነሳ አልኳቸው። ፋይሉን ከፍተው በጣታቸው መስመር በመስመር ሲከተሉ ዋሉ።

በማግስቱ ከሥራ ወጥተን የዊንጌት ታክሲ ስንጠብቅ፣ ጡረታቸውን አስቀድመው ሊጠይቁ እንደሆነ ነገሩኝ። ያኔ ሁሉንም አወጣሁት።

«ስንት ወር ሆነው?» አሉ።

«ስምንት፣ ጋሼ። ቅር እንዳይልዎ ብዬ ነው።»

ታክሲ መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። አልተሳፈርንም።

«እኔኮ አእምሮዬ እየተወኝ መስሎኝ፣ ትናንት ልጆቼን ሰብስቤ ነገርኳቸው» አሉ። «ባለቤቴ ስታለቅስ ነው ያደረችው።»