የነጠላ ጫማው አንቴና

ሰፈራችን ያለው ሞተር ጠጋኝ ትናንት የመዳብ ሽቦ እሳት ላይ ሲለበልብ፣ ሽታው ቤቴ ድረስ ገባና ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ነገሌ ቦረና መለሰኝ።

አባቴ ለንግድ ሞያሌ ሲሄድ «በሬዲዮ የዘፈን ምርጫ ሰላምታ እልክልሻለሁ» ብሎኝ ነበር። ሬዲዮናችን ግን ሺሺሺ ከማለት በቀር ምንም አትይዝም። ጎረቤታችን አባባ ገልገሎ ለአንቴና የሚሆን ሽቦ ከአሮጌ ሞተር ፈቱልኝ። ጫፉን በእሳት ለብልበን ቀለሙን በምላጭ ፋቅነው። ጣሪያው ላይ ስንዘረጋው ቆርቆሮውን እንዳይነካ ከሥሩ የአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ አደረግሁ።

«የአባቴን ሰላምታ ይይዛል?» አልኳቸው።

«ሽቦ አይዋሽም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። የተነገረውን ነው የሚያመጣው።»

እሁድ ከሰዓት ሬዲዮዋ ጥርት አለች። አቅራቢዋ የአባቴን ስም ከነአያቱ ስትጠራ ዘለልኩ። ደብዳቤውን ማንበብ ቀጠለች፦ «ከነገሌ ቦረና፣ ሞያሌ ለሚገኙት ለውድ ባለቤቴና ለበኩር ልጄ ለጂሎ...»

የአባቴ በኩር እኔ ነኝ። ሰፈሩ እንኳን አባቴን «አባ ሎኮ» እያለ በእኔ ስም ነው የሚጠራው። እናቴ ጓዳ ሆና ዕቃ ታጥባለች።

አባባ ገልገሎ ሽቦውን ከሬዲዮዋ ነቀሉት።

«ሽቦው ነው» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «አንዳንዴ የሰው ስም ይቀላቅላል።»

አባቴ ብስኩት ይዞልኝ ተመለሰ። «ሰላምታዬ ደረሰሽ?» አለኝ፣ አባባ ገልገሎ አጠገቡ ተቀምጠው።

«ሬዲዮዋ አልያዘችም» አልኩት።

ትናንት ሽታው እስኪወጣ መስኮቴን ከፍቼ ቆምኩ። ያኔ ከመካከላችን ያልዋሸው ሽቦው ብቻ ነበር።