ስምንት ቀን የቀራት ኩራዝ

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ አረጋውያንን ከመንከባከብ ሥራዋ እስክትመለስ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምጠብቃት ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ከሚኖሩት ሽማግሌ ቤት ነበር። ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ትራንስቫል የሚባል ሰፈር ነው። ኦፓ ዶርጂ እላቸው ነበር፤ ኦፓ በሆላንድኛ አያት ማለት ነው። የመጡት ግን ከሂማላያ ተራሮች፣ ከቡታን ነው፤ የምንግባባውም እሳቸው በሚሰባብሩት ሆላንድኛ ነበር። አንድ ቀን «ዶርጂ» ብዬ ስጠራቸው እናቴ ሰምታ «እኩያሽ ናቸው እንዴ፣ አንቺ ባለጌ!» ብላ ጆሮዬን ቆንጥጣኛለች።

ያኔ በክረምት ገና በአሥር ሰዓት ተኩል ይጨልማል። ኦፓ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ስለ ፓሮ ሸለቆ፣ ከወንዙ በላይ ስለቆመው፣ ምሽግም ገዳምም ስለሆነው፣ አንድ የብረት ሚስማር ስላልገባበት ነጭ ሕንፃ ያወሩልኛል። በአያታቸው ዘመን እሳት በላው። ከዚያ ሁሉ ሀብት መነኮሳቱና መንደርተኛው ያተረፉት ቤት የሚያህል የሐር ሥዕል ነበር፤ በዓመት አንዴ ጎህ ሳይቀድ የሚዘረጋ፣ ፀሐይ ሳትነካው የሚጠቀለል። አያታቸው አንዱን ጫፍ ተሸክመዋል። ታሪኩ ሲያልቅ ሁልጊዜ «ቤትሽ ቢቃጠል ምን ይዘሽ ትወጫለሽ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ብስክሌቴን፣ አንድ ቀን እናቴን እላለሁ።

«እናትሽ እግር አላት» ብለው ይስቃሉ።

ሚስታቸው የሞቱ ክረምት ሳቁ ቀረ። በሚስታቸው ፎቶግራፍ ፊት የቅቤ ኩራዝ ለኮሱ፤ የሟች መንገድ ጨለማ ነው አሉኝ። ኩራዟ ቀን ከሌት ትነዳለች፣ ቤቱ የቀለጠ ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ጣሪያውም ጠቆር ማለት ጀምሮ ነበር። እናቴ «የሟች ነገር ነው፣ እንዳትነኪ» አለችኝ። የወሎ ሙስሊም ናት፤ ለአባቴ በአርባው ሰደቃ አውጥታለች። የእሳቸውም አርባ ቀን መሰለን። እኔም በጣቴ እቆጥር ነበር።

በአርባ አንደኛው ቀን ከቤት አከራዩ ድርጅት አንድ ሰው የጢስ ማስጠንቀቂያውን ሊያይ መጣ። ኦፓ ወጥ ቤት ስለነበሩ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር አለ?» አለኝ። አርባው ወጥቷል፣ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብዬ፣ በሆላንድኛዬም መኩራራት አምሮኝ፣ ሮጬ ኩራዟን እንደበራች አምጥቼ አሳየሁት። እፍ ብሎ አጠፋት። ሁለተኛ ከነደደ ቤቱን ሊያስለቅቃቸው እንደሚችል በትሕትና ነገረኝ፤ ለኦፓ በቀላል ቃል የደገምኩላቸው እኔው ነኝ።

ሰውዬው ሲሄድ የሚጤሰውን ክር እያዩ «ስምንት ቀን ቀርቷት ነበር» አሉ። በእሳቸው አገር ለካ አርባ ዘጠኝ ነው። መብራት ላብራ ስላቸው «ተይው» አሉኝ። እናቴ እስክትመጣ ጨለማው ውስጥ ተቀመጥን።

ኦፓ ለእናቴ አልከሰሱኝም። እናቴ ጎረቤት ያሳበቀባቸው ይመስላታል፤ ዛሬም ስታነሳው «አፉን ይዝጋው» ትላለች፣ እኔም እሰማታለሁ። የፓሮን ታሪክ ከዚያ በኋላም ነግረውኛል፤ «ምን ይዘሽ ትወጫለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ግን እስኪሞቱ አልደገሙልኝም። የኦፓን ቤት እሳት አልነካውም። እኔ ግን የነበራቸውን አንድ ነገር በሁለት እጄ ይዤ እስከ በሩ ወጥቼ ነበር።