በእንግዳ ፊት ያልተከፈተ ሸክላ

ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የመኪና ማቆሚያ ካሸር ሆኜ ስሠራ፣ በመላው አትላንታ የነበረኝ ጓደኛ አንድ ብቻ ነበር። ጓደኛዬ መሆኑንም በደንብ ያወቅኩት ከሄደ በኋላ ነው። የሕንፃው ጥበቃ ነበር፤ በዕድሜ የሚበልጠኝ ጥቁር አሜሪካዊ። በምሳ ሰዓት ሳንድዊቹን ይዞ እኔ ወደምቀመጥባት የመስታወት ክፍል ይመጣና በሩ ላይ ቆሞ ይበላል። ብቻዬን ስበላ እንደማይወርድልኝ ሳልነግረው ገብቶታል።

ያግባባን ሙዚቃ ነው። ልጅ ሳለሁ የእንግሊዞች የአንድ ከባድ ሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም በካሴት እየተቀዳ ሰፈራችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። እኔ የሰማሁት ግን ግማሹን ብቻ ነው። የካሴቱን ሌላኛ ፊት እህቴ ከሬዲዮ ዘፈን ቀድታበት አጠፋችው። ጊታሩ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ የሸክላውን ሽፋን ግን አይቼው አላውቅም፣ የቀረውን ግማሽም ሰምቼው አላውቅም። ይህን ስነግረው ከልቡ ሳቀ።

«እነዚያ ልጆች የአያቴን ሙዚቃ፣ ብሉዙን ነው ጮክ አድርገው የተጫወቱት» አለኝ። እሱም ቢሆን አልፎ አልፎ በሬዲዮ ከመስማት በቀር ሙሉውን ሰምቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። ሰዎች ያገለገለ ዕቃ ግቢያቸው ውስጥ ከሚሸጡበት ያርድ ሴል ሸክላ ማጫወቻ መግዛቴን ያውቅ ስለነበር ነጋ ጠባ «አገኘኸው ወይ?» እያለ ይቀልድብኝ ጀመር።

ጡረታ ወጥቶ ቴክሳስ ወደምትኖረው ልጁ ሊሄድ ሲል፣ ከመንገዱ በፊት ባለው እሑድ ቻምብሊ ወዳለችው አፓርታማዬ ምሳ ጠራሁት። ጥብስ ሠራሁ። ለእሱ ብዬ ቃሪያ ብቀንስ፣ ጭራሽ አስጨምሮኝ በላ። ሲገባ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ሰጠኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ መኝታ ቤት አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ሳስበው ቅርፁ ራሱ ይናገር ነበር። እኔ ግን እንግዳ ያመጣውን በእንግዳው ፊት የሚፈታ ዓይነ ረሃብተኛ ነው ተብዬ ያደግኩ ነኝ፤ ትኩር ብዬ እንኳ አላየሁትም።

«አትከፍተውም?» አለኝ ምሳ በልተን ስንጨርስ።

«በኋላ ይደርሳል። የአንተ መምጣት ይበልጥብኛል።»

ይህን ስል ጨዋነቴ እኔኑ ደስ አለኝ። እሱ ወደ መኝታ ቤቱ በር አየ፣ ከዚያ ወደ ማጫወቻው።

«ይሠራል?»

«በደንብ ነው የሚሠራው» አልኩና፣ መሥራቱን ላሳየው ብዬ አንድ የአማርኛ ሸክላ አስቀመጥኩለት። በእግሩ ምቱን እየተከተለ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲያልቅ ተነሣ። ከጠበቅኩት በላይ ቶሎ ነበር። በሩ ላይ አቅፎኝ «ክፈተው፣ እሺ?» ብሎ ወረደ።

እኔ ደግሞ መጀመሪያ ዕቃ አጠብኩ። ከዚያ ሄጄ ወረቀቱን ፈታሁት። ያ አልበም ነበር። እንደ አዲስ ታትሞ የወጣ፣ ወፍራም፣ ከባድ ሸክላ። ሽፋኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ዓይኔ ግን ሽፋኑ ላይ አልቆየም። የፋብሪካው ፕላስቲክ አልተቀደደም። ሙሉውን ሰምቶት የማያውቅ ሰው፣ ፈልጎ ገዝቶ፣ ሳይከፍት ይዞልኝ መጥቷል። አብረን ልንሰማው ነበር። እኔ ሌላ ሸክላ አጫውቼ ሸኘሁት።

ልደውልለት ብል ስልኩ የለኝም። በየቀኑ የምታገኘውን ሰው ስልክ ምን ብለህ ትጠይቃለህ? ሰኞ ሥራ ስገባ በሩ ላይ ሌላ ጥበቃ ቆሟል። አለቃዬን ብጠይቀው የሠራተኛ ስልክ አይሰጥም አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ደንብ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ የሸክላውን የማላውቀውን ፊት አስቀድሜ አጫወትኩት። ጥሩ ነበር፤ ከማውቀው ግማሽ ሳይሻል አይቀርም። አንደኛው ዘፈን መካከል ላይ ጊታሩ ብቻውን ሲቀር «ሰማኸው?» ልል ዞርኩ። አትላንታ ስኖር ብቻዬን መሆኔ እንደዚያ ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። ሲያልቅ ሸክላውን ወደ ሽፋኑ መለስኩት።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። የድሮ ጎረቤቴ ልጅ አግብቶ ሎረንስቪል ቤት ገዝቶ ነበርና ከሚስቱ ጋር ሊጠይቀኝ መጣ። ሚስትየው የተጠቀለለ ካርቶን አቀበለችኝ። እዚያው እንደቆምኩ ወረቀቱን ተረተርኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ አሁን ኦፕን አታድርገው፤ ትንሽ ነገር ነች» አለች፤ ባሏን አየችው፤ እሱ ደግሞ ጫማውን አየ።

የግድግዳ ሰዓት ነበር። ባትሪ ስላልነበረው ከቴሌቪዥኑ ሪሞት አውጥቼ ከተትኩበት፤ ምስማር ፈልጌ ሰቀልኩት፤ ወንበሮቹንም ወደ ግድግዳው አዞርኩላቸው። ሦስታችንም ተቀምጠን ሰዓቱ ሲሄድ አየን። ለካስ የሚወራ ነገር ከሌለ ሰዓት ማየት ረጅም ነው። መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ቢያሙኝም አይፈረድባቸውም። ያመጡትን ግን አብረውኝ አይተውት ሄዱ።