ትርፌ መኪናዬን ያጠበችልኝ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ዓመት፣ ኦገስት ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ያኔ የምኖረው ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ሌዊስቪል ነበር። ብዙ ዓመት አልፎታል። ቢሆንም እስከ ዛሬ መኪና የሚያጥብ ሰው ሳይ ያ ቀን ይመጣብኛል። ለማንም በሙሉ ተናግሬው አላውቅም፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ትርፌ ልንገራችሁ። ትርፌ በዕድሜ ስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። የተዋወቅነው እኔ ዳላስ እንደገባሁ፣ ሁለታችንም አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስናነጥፍ ነው። በኋላ እኔ ነርሲንግ ሆም ገብቼ አዛውንቶችን መንከባከብ ጀመርኩ፤ እሷ እዚያው ሆቴሉ ላውንድሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ቀረች። ሁለት መኝታ ያለው አፓርትመንት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ትርፌ ስኳር አለባት። ጠዋት ኢንሱሊኗን ትወጋለች፣ ወዲያው ቁርስ ትበላለች። የወጋችበትን ሰዓት በትንሽ ደብተር ትጽፋለች። ምንም ቢቸኩሉ ይህ አይታለፍም።

መኪና አልነበረንም። እኛ ሰፈር አውቶቡስ አያልፍም፤ እዚያ አገር ያለ መኪና መኖር ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። አራት ዓመት ሙሉ ራይድ፣ በመኪናችሁ አድርሱኝ እያልኩ፣ ስለምን ኖርኩ። አንድ ጊዜ የምታደርሰኝ ልጅ ደጋግማ እየቀረችብኝ ከጥሩ ሥራ ተባርሬያለሁ። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቄ በአራተኛው አለፍኩ። ከዚያ ነው ያችን መኪና የገዛኋት። አዲስ አልነበረችም። ቀለሟ ግን ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ሆኖ አንድ ጭረት አልነበረበትም። ሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓቴ መስኮት ላይ ቆሜ እሷን ሳይ የምውልበት ቀን ነበር። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን እንደዚያ ነበር።

በገዛኋት በሦስተኛው ሳምንት የአንዲት ጓደኛችን ሰርግ ደረሰ። ሰርጉ እሑድ ዳላስ ነው። ለሚዜዎቹ መኪና ሲፈለግ "የእኔ አለች" አልኩ። ይህን ያልኩት ብዙ ሰው ባለበት ነው። ስንቱን ሰው ራይድ ለምኜ የኖርኩ ሴት፣ ዛሬ መኪና ሰጪ ሆንኩ።

ቅዳሜ እረፍቴ ስለነበር አርፍጄ ተነሣሁ። ከታች የውኃ ድምፅ ይሰማኛል። በረንዳ ወጥቼ ቁልቁል ሳይ ትርፌ ሻሽ አስራ፣ ባልዲ ይዛ መኪናዬን ታጥባለች። ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ያለው ዛፍ ሙጫ ያንጠባጥባል፤ ጥቋቁር ወፎችም ኩሳቸውን ይጥሉባታል። በዚያ ሁኔታ ሰርግ አትሄድም ብላ ነው።

"ሳትነሺ ልጨርስ ብዬ ነበር" አለችኝ ወደ ላይ አንጋጣ። "ሰኒ፣ ውረጂና እዪው። መስታወት አስመስዬልሻለሁ።"

ወረድኩ። እርጥብ ስለነበር በእርግጥ ያብረቀርቃል። የኦገስት ፀሐይ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ከፊት፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ውኃው መድረቅ ሲጀምር ከሥሩ ነጫጭ ክብ መስመሮች ብቅ ብቅ አሉ። መጀመሪያ የሳሙና ቅሪት መሰለኝ። በእጄ ጠረግሁት፤ አልሄደም። ወደ በሮቹ ዞርኩ፤ ያው ነው። ጣሪያውም ያው። ከዚያ ባልዲውን አየሁ። ውስጡ የድስት መፈተጊያው አረንጓዴ ስፖንጅ ተዘፍዝፏል፤ አጠገቡ መሬት ላይ የመታጠቢያ ገንዳ የምንፈትግበት የዱቄት ሳሙና ተቀምጧል።

"በዚህ ነው ያጠብሽው?" አልኳት።

"ሙጫው በጨርቅ እምቢ ሲለኝ…" ብላ ጀመረችና ቀጥ አለች። እሷም አሁን ነው ያየችው። ጠጋ ብላ በመዳፏ ዳበሰችው። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። እያየሁም አፌን አልያዝኩም።

ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ጥቂቱን ካልጻፍኩት ግን ታሪኩ ውሸት ይሆናል። "የራስሽ ቢሆን በዚህ ትፈትጊው ነበር?" አልኳት። "እኔ መኪና ስለገዛሁ ነው፤ ቀንተሽ ነው" አልኳት። ትርፌን፣ ለፈተናው ሳጠና ጥያቄና መልሱን ተቀምጣ ስታነብልኝ የኖረችውን። መጨረሻ ላይ "ከዛሬ ጀምሮ ዓይንሽን ማየት አልፈልግም" አልኩ። ጎረቤቶች በረንዳ ወጥተው እስኪያዩን ድረስ ነው የጮህኩት።

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ወደ ላይ ወጣች። እኔ ፎጣ አርሼ ክዳኑን እሸው ጀመር። ውኃ ሲነካው ጭረቱ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። በመሐል ደረጃው ላይ የትርፌን እርምጃ ሰማሁ። ከኋላዬ አለፈች። ትንሽ ቆም ያለች መሰለኝ። ዞር አላልኩም።

ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ሙቀቱ ሲያፍነኝ ነው የወጣሁት። ውኃ ልጠጣ ወደ ቤት ወጣሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ ተደርድሯል። መጥበሻው ተከድኗል። ክዳኑን አነሣሁት፤ የእንቁላል ፍርፍር ነው፤ ማንኪያ አልነካውም። አጠገቡ የኢንሱሊኑ ብልቃጥና ደም የነካ ጥጥ አለ። ደብተሩን ገለጥኩት። የዛሬውን ቀን ጽፋ፣ በፈረንጆቹ ሰዓት "ጠዋት ስምንት ሰዓት" ብላለች። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። በዚያው አቆጣጠር አሥር ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። መርፌዋን ወግታለች። እኔ አሁን እነሣለሁ፣ አብረን እንበላለን ብላ ቁርሱን ከድና አስቀምጣለች። እስክነሣ ድረስ ደግሞ መኪናዬን ልታጥብ ወርዳለች። ኢንሱሊን ወስዶ ሳይበላ የሄደ ሰው ምን እንደሚሆን በሥራዬ አይቻለሁ። ያየሁት ግን አልጋ ላይ፣ ነርስ አጠገቡ እያለ ነው። ትርፌ ግን በዚያ ሙቀት በእግሯ ወጥታለች። ካራሜላ የማይጠፋው ትልቁ ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጁስ ከፍሪጅ መዝዤ በሩን ሳልዘጋ ወረድኩ።

መጀመሪያ ወደ ሆቴሉ መንገድ ነዳሁ። የምታውቀው መንገድ እሱ ብቻ ነው ብዬ። የሀይዌዩን ዳር መንገድ ይዤ እስከ ሆቴሉ በር ደረስኩ። ላውንድሪ ያሉት ልጆች አላየናትም አሉ። ተመለስኩ። በዚያ አገር በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም፤ አንድ ሰው ቢኖር ከሩቅ ይታያል። ማንም የለም። አስፋልቱ ላይ የሙቀት ጭጋግ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ይመስለኝና ስጠጋ ምሰሶ ይሆናል። ነዳጅ ማደያ ገብቼ ጠየቅሁ። አስቤዛ የምንገዛበት ግሮሰሪ ገብቼ በየመተላለፊያው እየሮጥኩ "ትርፌ፣ ትርፌ" እያልኩ ተጣራሁ። ሰው ዞር እያለ ያየኛል። የእግዚአብሔርን ስም እየጠራሁ፣ መሪውን በጡጫ እየመታሁ ነበር የምነዳው። ሞታ ባገኛት ለወንድሟ ምን ብዬ ነው የምደውለው የሚለው ሐሳብ መጣብኝ። መኪና ተጭሮብኝ አባረርኳት ልለው ነው?

ከአንድ የመንገድ ስልክ ወደ ቤት ደወልኩ፤ ምናልባት ተመልሳ ይሆናል ብዬ። መልእክት መቀበያው ማሽን አነሣው። ማሽኑ ላይ ያለው ድምፅ የእሷ ነው። "አሁን ቤት የለንም፤ ስማችሁን ተናገሩ፣ እንደውላለን" ትላለች፣ ሳቋን እንደያዘች። ስልኩን ዘግቼ ወደ ድንገተኛ እርዳታ፣ 911 ደወልኩ።

ያነሣችው ሴት ረጋ ብላ ጠየቀችኝ። ዕድሜ ነገርኳት። ቁመት ነገርኳት። ስኳር እንዳለባት፣ ኢንሱሊን ወስዳ እንዳልበላች ነገርኳት።

"ምን ለብሳለች?" አለችኝ።

አላውቅም። ላይ ስትወጣ ቀሚሷን ቀይራ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ከኋላዬ ስታልፍ ዞር አላልኩማ። የዚያን መኪና እያንዳንዱን ጭረት የት እንዳለ በቃሌ ልነግራት እችል ነበር። "አላየኋትም" አልኩ። ሴትየዋ "ኦኬ፣ መኪና እንልካለን" አለች።

ስልኩን ሰቅዬ በሌላኛው መንገድ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫዎችና ጎማ ቤቶች ባሉበት በኩል ዞርኩ። እዚያ ትሄዳለች ብዬ ሳይሆን፣ ያልሄድኩበት እሱ ብቻ ስለቀረ ነው። ሳንቲም እየተጨመረ ልብስ የሚታጠብበት አንድ ቤት ፊት ለፊት ወፍራም አጭር ሴት መንገዱ ዳር ወጥታ ፎጣ እያውለበለበች መኪና ታስቆማለች። ሜክሲካዊት ናት። ሁለት መኪና አልፏታል። እኔ ፍሬን ያዝኩና በሩን እንደተከፈተ ትቼ ወጣሁ።

ውስጥ፣ ሁለት ማሽኖች መካከል፣ ትርፌ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፈዋታል። ላቧ ቀሚሷን አጥቦታል። ያው የጠዋቱ ቀሚስ ነው። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን አያይም። "ትርፌ፣ እኔ ነኝ" ስላት እጄን ገፋችኝ። አንድ ሰውዬ ከጥግ ሆኖ በእንግሊዝኛ "ሰክራ ነው፤ ተዪያት" ይላል።

ሴትየዋ ከኋላዬ መጥታ ተንበረከከች። እንግሊዝኛ አትችልም፤ እኔ የእሷን ቋንቋ አልችልም። አንድ ቃል ብቻ ደጋገመችልኝ። "አሱካር" አለች፤ ወደ ትርፌ እየጠቆመች፣ "አሱካር"። ስኳር ማለቷ ነው። ከመጠጥ መሸጫው ማሽን የገዛችው ጣፋጭ ሶዳ አጠገቧ አለ። ጣቷን እየነከረች የትርፌን ከንፈርና ድድ ስታብስ ነበር የቆየችው፤ ብትጠጣ ትታነቃለች ብላ። በኋላ በእጅ ምልክት እንዳስረዳችኝ እናቷ እንደዚሁ ነበረች።

ውስጥ ካሉት አንዱን 911 እንዲደውል ለመንኩት፤ ሁለታችን ግራና ቀኝ ሆነን በሶዳውና ባመጣሁት ጁስ ያንኑ ስናደርግ አምቡላንሱ ደረሰ። የአምቡላንሱ ልጆች ክንዷ ላይ መርፌ አስገቡ፣ የግሉኮስ ከረጢት ሰቀሉ። አምቡላንሱ ውስጥ ሳለን የዓይኗ ብርሃን ቀስ እያለ ተመለሰ። መጀመሪያ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ እኔን።

"ቁርስ በላሽ?" አለችኝ።

ግንባሯን በመዳፌ ጠረግሁላት።

ሆስፒታል ልብሷንና የእጇን ዕቃ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ውስጡ ትንሽ ቦርሳዋና አንዲት የጥፍር ቀለም የምታህል ብልቃጥ ነበረች። የመኪና ቀለም ናት። ስትወጣ ተቀይማኝ የሄደች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቀለም ፍለጋ ነው። ሳትበላ፣ በዚያ ፀሐይ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ገዝታ፣ ስትመለስ ነው የወደቀችው። ብልቃጧን ብርሃን ላይ ይዤ አየኋት። ደማቅ ቀይ ናት። ከመኪናዬ ቀለም ጋር አትገናኝም።

አመሻሹ ላይ አንዲት ነርስ "ቤት የምትሄጂበት አለሽ?" ብላ ስትጠይቀኝ ነው መኪና እንዳለኝ ያስታወስኩት። በሩን ከፍቼ፣ ቁልፉን ሰክቼ፣ መንገድ ላይ ትቻት ቀኑን ሙሉ አላሰብኳትም። ስመለስ አንድ ሰው ወደ ዳር ገፍቶ በሯን ዘግቶልኛል። ሚዜዎቹን በማግሥቱ ሌላ ሰው ወሰዳቸው። ሰርጉም አማረ አሉ።

ያችን ሴት ለማመስገን ሁለት ቅዳሜ እዚያ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሄጄ ተቀምጫለሁ። አላገኘኋትም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

መኪናዋን ቀለም ሳላስቀባ ስድስት ዓመት ነዳኋት። አልቻልኩም ሳይሆን አልፈለግሁም። ዛሬ የምኖረው እዚያው ዳላስ አጠገብ፣ ሳክሲ የምትባል ከተማ ነው፤ ትርፌም ከእኔ ብዙ አትርቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ነን።

ይቅርታ የጠየቅኳት ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ "ያን ቀን ያልኩሽን…" ብዬ ጀመርኩ።

"ምን አልሽኝ?" አለች። "እኔ እኮ ስኳሩ ሲወርድ ያ ጠዋት ከራሴ ጠፍቷል። መኪናውን ማጠቤ ትዝ ይለኛል፤ ሌላ አላስታውስም።"

እውነት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ቀለል አለኝም። ከዓመት በኋላ ግን ሰዎች በተሰበሰቡበት ትርፌ ያን ቀን ስታወራ ሰማኋት። የመኪና ዕቃ መሸጫው ውስጥ የነበረውን ሽማግሌ ሻጭ፣ ያደረገውን የገለባ ባርኔጣ፣ ቀለሙን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ከንፈሯን በጣቷ እንዳሳየችው፣ እሱም ሊፕስቲክ የፈለገች መስሎት እንደሳቀ፣ አንድም ሳይቀር እያስታወሰች ሰዉን አሳቀችው። ይህ ሁሉ የሆነው እኔ ከጮህኩባት በኋላ ነው።

ዓይኔን ዓይኗ ላይ ጣልኩ። አየችኝና ወሬዋን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ አንሥቼባት አላውቅም። እሷ እንዳላስታወሰች ሆና እስከ ዛሬ ተሸክማልኛለች፤ እኔ ደግሞ እንዳላወቅሁ ሆኜ አጠገቧ እቀመጣለሁ።