ገበያ ላይ የጎበኘኋት ልጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም መሻሬን፣ ከጎረቤት መጣላቴን ስናገር ኖርኩ እንጂ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። አሁን ለእናንተ ልናገር። ወሬ ማሳመር እወዳለሁና፣ አሳምሬ እንዳላመልጥ ጠብቁኝ።

ሥራዬ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መከታተል ነበር። ትምህርቴ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ከተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው የለቀምኩት። ሁለት ሳምንት አሠልጥነው ስድስት ቀበሌ ሰጡኝ። ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ አንድ ልጅ አይቶ ለመመለስ ቀኑ ያልቃል። ደመወዜ የምጨርሰውን ጫማ አይተካም። ስለዚህ መላ አገኘሁ። ዓርብ ዓርብ አገሬው ሁሉ ገበያ ይወጣል። አሳዳጊዎቹን እየዞርኩ እጠይቃለሁ፤ እዚያው በየወሩ የማስረክበው የክትትል ቅጽ ላይ «ቤት ሄጄ ልጁን አይቻለሁ» ብዬ እሞላለሁ። ሌላውም እንዲሁ ያደርግ ነበር ልበል? አልልም።

ልጆች ግን ገበያ አይወጡም፤ ቤት ይጠብቃሉ። ይህን አላውቅም ነበር? እኔስ ዓርብ ዓርብ ቤት ስጠብቅ አይደል ያደግሁት?

ፈንታነሽ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እናትና አባቷ ሞተው አክስቷ እትየ አንጓች ያሳድጓታል። እትየ አንጓች ባቄላ ይሸጣሉ፤ ጨዋታ አዋቂ ናቸው።

«እትየ፣ ፈንታነሽ እንዴት ናት?»

«ምን ትሆናለች ብለሽ! ይልቅ አንቺ ከሳሽ፤ ይኸ መንግሥት ቀለብ አይሰፍርልሽም?» ይሉና እፍኝ ባቄላ በነጠላዬ ጫፍ ይቋጥሩልኛል። እስቃለሁ። ከዚያ እጽፋለሁ።

በውቂያ ሰሞን አንድ ዓርብ ግን ጨዋታ አልነበራቸውም። «አውድማ ላይ እብቅ ገብቶባት ዓይኗ ቀልቷል። እስቲ መጥተሽ እዪልኝ፤ አንቺ የተማርሽ አይደለሽ?» አሉኝ።

የተማርሽ መባሉ ደስ አለኝ እኮ! «በንጹሕ ውኃ ይጠቡት፣ በሳምንቱ እመጣለሁ» አልኳቸው። ቅጹ ላይ «ጤናዋ ደህና» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ አልሄድኩም። ከዚያም በኋላ አልሄድኩም፤ ገበያ ላይም እሳቸውን እየሸሸሁ ቅጹን እሞላ ነበር። የሥራው ብዛት ነው ልበላችሁ? በዚያው ሰሞን የዘመድ ሠርግ ሄጄ የእትየ አንጓችን ቤት ከማዶ አይቼዋለሁ። አጥር ላይ የተሰጣው ልብስ እስኪለይ ድረስ ቅርብ ነበር። ቀሚሴ አቧራ እንዳይነካው ብዬ አለፍኩ።

ሁለት ወር ቆይቶ ፈንታነሽ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ግራ ዓይኗ ነጭ ለብሷል። «ቀደም ብላ ብትመጣ ይተርፍ ነበር» አለ ሐኪሙ።

ነገሩ ቢሮ ውስጥ ሲጣራ፣ እትየ አንጓች ባሉበት የእኔ ፋይል ተገለጠ። ያማረ ጽሕፈት ነው፤ አንድ ወር አልጎደለበትም። አለቃዬ አገላብጦ አየና፣ «ይቺ እኮ በየወሩ ሄዳለች። ሴትዮዋ ናቸው የደበቁት» አለ።

እትየ አንጓች ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ነግሬሽ አልነበር? እመጣለሁ ብለሽኝ አይደል ደጅ ደጁን ሳይ የከረምሁት?»

«አላስታውስም» አልኩ።

አስታውስ ነበር። ቃል በቃል አስታውስ ነበር። «አላስታውስም» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዓይናቸውን እያየሁ ያልኩት እኔ ነኝ።

ልጅቱን ከአክስቷ ወስደን ለሩቅ ዘመድ ሰጠናት። የወሰድናት ቀን የአክስቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ፣ በደህናው ዓይኗ አየችኝና «እማየ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለች። በየወሩ አየኋት ብዬ የጻፍኩላት ልጅ! አለቃዬ ስልክ እያናገረ ነበር፤ የሰማነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ከዚያ ወዲህ ገበያው በእትየ አንጓች ላይ «ልጅ ያሳወሩ» እያለ ያንሾካሹካል። እኔ ሥራውን ለቅቄያለሁ። ሰው ግን ዛሬም «ልጅ ወዳድ ናት» ይለኛል፤ ዝም ብዬ እቀበላለሁ።

ሥራው ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው፣ ክፍያው ትንሽ ነው፣ እኔም ለቦታው የሚበቃ ትምህርት አልነበረኝም። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን «አላስታውስም» በይ ብሎ ያስገደደኝ ማን ነው? የትኛው ቀበሌ? የትኛው ደመወዝ?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን ብቻ ስሙኝ፤ ለአለቃዬም፣ ለገበያውም በአፌ እደግመዋለሁ። እትየ አንጓች ልጅ አልደበቁም። ነግረውኛል። ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።