ሁለት ጊዜ የፈረምኩበት ሜዳ

የተከራየናት ቤት በሯ የሚከፈተው ወደ ኳስ ሜዳው ነው። እዚህ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ይህችን የመረጥኳት በበሯ ምክንያት ነው። ጣሪያዋ ያፈሳል፤ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ውስጧ አያስቀምጥም። ግን ደጃፉ ላይ በርጩማ አድርጌ ጥጥ እየፈተልኩ ልጄን አያታለሁ። ካላየኋት በእኔ ሐሳብ ወይ ሐይቅ ዳር ናት፣ ወይ አስፋልት መሐል ናት፣ ወይ ዝንጀሮ እያሳደዳት ነው። አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ያልሆነው ቀድሜ ስለማስበው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ማሰቤን አላቆምም።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሴቶቹ ቡድን በረኛ ናት። ሜዳ ላይ ካለው ሥራ ሁሉ መውደቅን ለምን እንደመረጠች አላውቅም። እሷ በተወረወረች ቁጥር እጄ ይደነግጥና ክሩ ይበጠሳል። እቀጥለዋለሁ፤ ቋጠሮ ይሆናል። ባሌ ደግሞ ሸማኔ ነው፤ የጨንቻ ልጅ ስለሆነ ክር ላይ ቀልድ አያውቅም። ከሥራ በኋላ ፈትሉን በጣቱ እየዳሰሰ ይጠይቀኛል።

«ዛሬ ስንት ገባባት?»

«ሁለት።»

«አራት ነው። ይኸው፣ እዚህ ጋ ሁለቱን ደብቀሽላታል።»

አንድ ጊዜ ጋቢ ልትገዛ የመጣች አስተማሪ ማጉ ላይ የተደረደሩ ቋጠሮዎች አይታ፣ «ይህ ምን ዓይነት ጥለት ነው?» ብላ ጠየቀችው። «የሩብ ፍፃሜ ጨዋታ ነው» አላት። ሴትዮዋ አዲስ ፋሽን መስሏት ገዛችው።

ክረምቱ እንዳለፈ አከራያችን መጡ። ጥሩ ሴት ናቸው፤ ሰው ማስቀየም ስለማይወዱ ክፉ ነገር ሲናገሩ ማንጎ ይዘው ነው የሚመጡት። በዚያን ቀን የያዙት ሙሉ ዘንቢል ስለነበር ነገሩ ከባድ መሆኑን ገና ከበሩ ላይ አወቅሁ።

«ልጄ ሊያገባ ነው፤ ቤቷን ለሱ ላደርጋት ነው» አሉኝ። «አላጣድፍሽም፤ እስከ ፋሲካ ፈልጊ።»

እኔና ባሌ በአንድ የቤት ማኅበር ውስጥ ተመዝግበን ቦታ መጠበቅ ከጀመርን ቆይተናል። ማንጎው ገና ሳያልቅ የማኅበሩ ሰብሳቢ ደጃፌ ድረስ መጣ። ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ሲራመድም ዕቃ ተሸክሞ የሚሄድ ይመስላል።

«እህቴ፣ ደስ ይበልሽ! ቦታ ሊሰጡን ነው። ግንባታው ቶሎ ይጀመራል።»

«የት?»

«እዚሁ ነዋ! ፊት ለፊትሽ!» ብሎ በእጁ ሜዳውን አሳየኝ። በእጁ አቅጣጫ ልጄ በሆዷ ተኝታ ኳስ አቅፋለች።

ወረቀት አውጥቶ፣ «ሜዳው ለመኖሪያ ቤት ይሁን የምንል ሰዎች ነን» የሚለውን አነበበልኝ። ራሴም ደግሜ አነበብኩት። ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም ማንበብ አልረሳሁም። ቤት የሌለው ሰው እንደሚቸገር ይላል፤ ልክ ነው። ፈረምኩ።

ጥላው ገና ሳይዞር የልጄ አሰልጣኝ ባጃጁን ደጃፌ ላይ አቆመ። ሲያሠለጥን አሰልጣኝ ነው፣ በተረፈው ሰዓት ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሁለቱንም የሚሠራው በጩኸት ነው።

«እናት፣ ፈርሚልን! ሜዳው አይነካ የሚል ነው። አንቺ ካልፈረምሽ ማን ይፈርማል? ከዳኛው ይልቅ ጨዋታውን የምታዪው አንቺ ነሽ።»

ይህንንም አነበብኩት። ልጆች መጫወቻ ካጡ መንገድ ላይ እንደሚወጡ ይላል። ይህም ልክ ነው። ፈረምኩ።

ባሌ ሲሰማ መወርወሪያውን ጥሎ ተነሣ። «አንቺ ሴት፣ በአንድ ቀን በሁለቱም?»

«ሁለት በር ያለው ሰው ሁለቱንም ይቆልፋል አይደል?» አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ስብሰባ ተጠራ። ከቀበሌ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ፤ አንድ ቀያሽ ደግሞ ሜትርና የችካል ሸክም ይዞ ከሌላ ከተማ መጣ። ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ማንም አልተናገረም፤ ቢሆንም የቤት ፈላጊው ሁሉ በአንዱ ጎል በኩል፣ የኳስ ወዳዱ ሁሉ በሌላው ጎል በኩል ተቀመጠ። እኔ ወዴት እንደምሄድ ግራ ስለገባኝ መሐል መስመሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ ከሐይቁ ከመጡት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች በቀር ማንም አልነበረም። እነሱም ዓሣ ይኖራል ብለው ነው የመጡት።

ከቀበሌው ሰው አጠገብ ለሰፈራችን ታላቅ ሽማግሌ ወንበር ተዘጋጅቶ ነበር። የቀበሌው ሰው ግን ሳያስበው ተቀመጠበት። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? ከሁለቱም ወገን ከፊት ያሉት ተነሡ፤ ከኋላ ያሉት አልታይ ሲላቸው ተነሡ፤ በመጨረሻ ከእኔና ከቀበሌው ሰው በቀር ሁሉም ቆመ። እኔን ማንም ስላላየኝ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።

«ኳስ ቤት አይሆንም!» አለ አንዱ የማኅበር አባል። «ዝናብ ሲመጣ ኳሱ ውስጥ ልትገባ ነው?»

«አንተስ ሳሎንህ ውስጥ ማዕዘን ምት ልትመታ ነው?» አለ አሰልጣኙ።

«ባለፈው ዓመት አንድም ዋንጫ አላመጣችሁ!»

«እናንተስ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ጡብ አመጣችሁ?»

የቀበሌው ሰው ነገሩ እንዲያጥር ብሎ የፈረሙትን ስም ከሁለቱም ወረቀት ላነብ ነው አለ። እኔ ሲጨንቀኝ እጄ ሥራ ይፈልጋል፤ እንዝርቴን ቤት ስለተውኩ ሣር መንቀል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ስሜ ተነበበ። እጄን አወጣሁ፤ የማኅበሩ ሰዎች አጨበጨቡልኝ። ሁለተኛው ሲነበብ ስሜ እንደገና መጣ። እጄን ላውጣ ወይስ ልተው እያልኩ ግማሽ ድረስ አነሣሁት።

ከዚያ ሳቁ መጣ።

«ይህች ሴት ለየትኛው ቡድን ነው የምትጫወተው?»

«ተቀያሪ ናት!»

«ስለዚህ ነው መሐል መስመር ላይ የተቀመጠችው!»

ሰብሳቢው፣ «እህቴ፣ ካድሽን እንዴ?» አለኝ። አሰልጣኙ፣ «እናት፣ አንቺም?» አለኝ። ባሌን በዓይኔ ብፈልገው ወፎቹን እያየ ነው፤ ሕይወቱን ሙሉ ወፍ ያላየ ይመስል። ልጄ ከጎሉ ቋሚ ኋላ ልትደበቅ ሞከረች፤ ቋሚው ግን ከእሷ ይቀጥናል።

ከየትኛው ዝርዝር ልሰረዝ በሚለው ላይ ጠብ ተነሣ። ማኅበሩ የእኛ ናት ይላል፤ የኳሱ ወገንም የእኛ ናት ይላል። በሕይወቴ እንዲህ ተፈልጌ አላውቅም። ቀያሹ ጠቡ እስኪበርድ ድረስ ሥራዬን ልቀጥል ብሎ አንድ ችካል ሲመታ፣ አሰልጣኙ ሮጦ ነቀለው። ከማኅበሩ ወጣቶች ሦስት አራቱ ወደ አሰልጣኙ መጡ፤ ልጆቹ ደግሞ ለአሰልጣኛቸው መጡ። ልጄ ከፊት ነበረች። ይህን ሳይ ዘልዬ ተነሣሁ።

እግሬ ግን ደንዝዞ ኖሯል። ሁለት እርምጃ ሄድኩና «ውይ እግሬ!» ብዬ በሁለቱ ወገን መካከል በጉልበቴ ወደቅሁ። ፊቴ እንዳይመታ ሁለት እጄን ወደፊት ዘረጋሁ። እጄ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የነቀልኩት ሣር ሞልቷል።

በጋሞ ባህል ሽማግሌ እርጥብ ሣር ጨብጦ ከተንበረከከ ጠበኛ ሁሉ ባለበት ይቆማል። ሣሩን አልፎ የሚራመድ የለም፤ ቢራመድ ጎሜ፣ የተከለከለ መጣስ ነው፤ መዘዙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባላል። የእኛ ሰው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚያውቀው። እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ሜዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ምን እንደተፈጠረ ገባኝ።

«ሣር ተይዟል!» አሉ ሽማግሌው በትልቅ ድምፅ። «ሁሉም ቁጭ ይበል!»

ሁሉም ቁጭ አለ። አሰልጣኙ ችካሉን እንደያዘ ቁጭ አለ። ቀያሹ እንግዳ ቢሆንም ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ሜትሩ ላይ ተቀመጠ። የቀበሌው ሰው ተቀምጦ ስለነበር የሚያደርገው ቢያጣ ወንበሩን ትቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌውም ቀስ ብለው ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ሴት ናት እኮ» ብሎ አንድ ሰው አንሾካሾከ።

«ሣሩስ ሣር አይደለም?» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ተናገሪ፣ ልጄ።»

ወድቄ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ግን የማኅበሩን ወጣቶችና ልጄን አየሁ፤ ተያይዘው ሊደባደቡ የነበሩት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፈራሁና ሌላ ተናገርኩ።

«እኔ ቤት እፈልጋለሁ» አልኩ። «በፋሲካ ከተከራየሁበት እወጣለሁ፤ መሄጃ የለኝም። ግን ቤቱ እዚህ ከተሠራ ልጆቹ የት ሊጫወቱ ነው? ሐይቅ እንዳይወርዱ አዞ አለ። አስፋልት እንዳይወጡ ባጃጅ አለ።»

«እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው!» አለ አሰልጣኙ።

«አንተን አስቤ ነው የተናገርኩት» አልኩት። ሰው ሳቀ። ድፍረት አገኘሁ። «ጫካ እንዳይገቡ ዝንጀሮ አለ። እባብ አለ። ማንጎ ዛፍ ላይ ቢወጡ ቅርንጫፉ ይሰበራል። ቤት ቢቀመጡ ኤሌክትሪክ አለ…»

«ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው፣ «አደጋውን ሁሉ ልትዘረዝሪው ነው?»

«ገና መጀመሬ ነው፣ አባባ።»

ያን ጊዜ ቀያሹ ከተቀመጠበት፣ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ መውጫው ያለውን ተዳፋት ከዚህ በፊት ለክቶት እንደነበር ተናገረ። ማኅበሩ አልፈልግም ብሎ ነው የተተወው።

«ድንጋይ ነዋ!» አለ ሰብሳቢው። «ፍየል እንኳ እያማረረች ነው የምትወጣው!»

ባሌ ወፎቹን ማየት ትቶ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ድንጋይ መሠረት ይሆናል። ኳስ ግን አይነጥርበትም።»

ሌላ ብዙ ተባለ፤ ግን ማንም አልጮኸም፤ እኔ ሣሩን እንደያዝኩ ነኝና። በመጨረሻ ሜዳው እንዳይነካ፣ ማኅበሩ ተዳፋቱን እንዲወስድ፣ ድንጋዩን ለመልቀም የኳሱ ልጆች እንዲያግዙ ተስማሙ። የቀበሌው ሰውም ይህንኑ ጽፎ እንዲጸድቅ አቀርባለሁ አለ። ሽማግሌው መረቁ፤ ሁሉም አሜን አለ። ጉልበቴ ሊነሣልኝ ስላልቻለ ልጄ ደግፋ አነሣችኝ። «እማ፣ ከዛሬ ጀምሮ አላፍርብሽም» አለችኝ። እስከዛሬ ታፍርብኝ እንደነበር በዚህ አወቅሁ።

ቤት ስገባ ነው የሠራሁት የገባኝ። ድንጋዩ ተለቅሞ፣ መንገዱ ወጥቶ፣ ግድግዳው ቆሞ ለፋሲካ መድረሱ የማይታሰብ ነው። ቶሎ ይደርስ የነበረውን ቤቴን ራሴው አራቅሁት። ይህ ሳያንስ ጎሜው አስጨነቀኝ። ያልያዝኩትን ሣር ያዝኩ ብዬ አገር አስቀምጫለሁ። በጸሎት ቤታችን እንዲህ ያለ ነገር እንዳንፈራ ተምረናል፤ እኔ ግን ጥንቃቄ ነው ብዬ ጎሜንም እግዚአብሔርንም እፈራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሙዝ ይዤ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ።

«አባባ፣ ልናዘዝ ነው የመጣሁት። ሣሩን አስቤ አልያዝኩም። እግሬ ደንዝዞ ነው የወደቅሁት።»

«አውቃለሁ» አሉኝ ሙዝ እየላጡ። «እርቅ የሚለምን ሰው ‹ውይ እግሬ› አይልም። ሣሩንም ከነአፈሩ አይነቅልም።»

«ታዲያ ለምን ሰውን ሁሉ አስቀመጡት?»

«ቆሜ ደክሞኝ ነበር። ያ ሰውዬ ወንበሬን ወስዶብኛል፤ ተነሣ ማለት ደግሞ ነውር ነው።»

ጎሜ አይሆንብኝም ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ሰላም ከወረደ በኋላ ጎሜ የሚሆነው ለሚያፈርሰው ነው። ይልቅ አከራይሽ ትናንት መጥታ ነበር። ሣር የያዘችን ሴት በፋሲካ ባስወጣት ጎሜ ይሆንብኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«እኔ እንጃ አልኳት። ለሚፈራ ሰው ‹እኔ እንጃ› ይበቃዋል።»

ለካ አከራዬም እንደኔ ናቸው። በማግሥቱ መጡ፤ ማንጎ አልያዙም። ለልጃቸው ጓሮ ያለችውን ክፍል እያሳደሱለት እንደሆነና ቤታችን እስኪቆም እንድንቀመጥ ነገሩኝ። ጉልበቴን ሊስሙኝ ሲሉ ነው የከለከልኳቸው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ተዳፋቱ ላይ ድንጋይ እንለቅማለን። ማኅበሩ በሙሉ አለ፤ የኳሱ ልጆች አሉ፤ ሰብሳቢውና አሰልጣኙ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይዘው ወዴት እንደሚገፉት ይጨቃጨቃሉ። እኔ ከየድንጋዩ ሥር ጊንጥ እንዳለ ስለማውቅ እያንዳንዱን በዱላ ሦስት ጊዜ አንኳኩቼ፣ ትንሽ ጠብቄ፣ ከዚያ ነው የማነሣው። ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ምሳ አራት አነሣሁ። ባሌ በዚህ አያያዝሽ ቤቱ ውስጥ የሚገባው የልጅ ልጃችን ነው ይላል። ይበል። ጊንጥ ግን እስካሁን ማንንም አልነደፈም።